ቬንገርን በምን እንመዝነው? ዋንጫው፣ ዝውውሩ፣ ታዳጊው

ስለ አሰልጣኞች የሚነሳ ክርክር መቋጫ የሚያጣው መለኪያው ሳይነገር ስለሚጀመር ነው። አንዱ ዋንጫ ይቆጥራል። ሌላው ማን በስንት ተገዝቶ በስንት እንደተሸጠ ያሰላል። ሦስተኛው ከአካዳሚ ያደጉ ልጆችን ስም ይጠራል። ሦስቱም ስለ አንድ ሰው እያወሩ የሚመዝኑት ግን ሦስት የተለያዩ ሥራዎችን ስለሆነ፣ ሌሊቱን ሙሉ ቢከራከሩ አይገናኙም። በአዲስ አበባ ዲኤስቲቪ በሚያሳዩ ቤቶችና በስፖርት ሬዲዮ ፕሮግራሞቻችን ይህ ክርክር ለዓመታት ሲንከባለል የኖረው ከሁሉ በላይ በአንድ ሰው ስም ዙሪያ ነው፤ በአርሰን ቬንገር።

ለዚህ ዳሰሳም እሱን መርጬዋለሁ። ሦስቱን ሥራዎች በአንድ ክለብ፣ በአንድ ወንበር ተቀምጦ ይህን ያህል ዘመን የሠራ ሰው ከሰር አሌክስ ፈርጉሰን በቀር በዘመናችን ማግኘት ይከብዳል። የዛሬው አሰልጣኝ ተጫዋች የሚመርጥለት የስፖርት ዳይሬክተር አለው፤ አካዳሚውን የሚመራው ሌላ ሰው ነው፤ እሱ የሚጠየቀው በሳምንቱ መጨረሻ ውጤት ነው። ቬንገር ግን ከጥቅምት 1996 እስከ ግንቦት 2018 (እዚህ ያሉት ዓመታትና ወራት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ስለ ተጫዋች ዋጋም፣ ስለ ልምምድ ማዕከሉ ግንባታም፣ ተጫዋቹ ምሳ ላይ ስለሚበላውም የሚያገባው ሰው ነበር። ልማቱም ጥፋቱም በስሙ የሚጻፍበት ቦታ ከማንም የሰፋ ነው።

ከውጤቱ ልጀምር፤ ቁጥሩ ግልጽ ነው። በአርሰናል 1,235 ጨዋታዎችን መርቶ 707ቱን አሸነፈ፣ 280 አቻ ወጣ፣ 248 ተሸነፈ። ፕሪሚየር ሊጉን በ1998፣ በ2002 እና በ2004 አነሳ። ኤፍኤ ካፕን ሰባት ጊዜ ወሰደ፤ በዚያ ውድድር ረጅም ታሪክ ሰባት ያነሳ ሌላ አሰልጣኝ የለም። በ2003/04 ከ38 ጨዋታ 26ቱን አሸንፎ፣ 12 አቻ ወጥቶ፣ አንድም ሳይሸነፍ ሊጉን ጨረሰ፤ ያለ ሽንፈት የተጓዘባቸው የሊግ ጨዋታዎች 49 ከደረሱ በኋላ በጥቅምት 2004 ኦልድ ትራፎርድ ላይ በ2 ለ 0 ሽንፈት ተገታ። አውሮፓ ላይ ግን እጁ ባዶ ነው። በ2000 የዩኤፋ ካፕ ፍጻሜን ኮፐንሃገን ላይ በጋላታሳራይ በመለያ ምት ተነጠቀ። በ2006 የሻምፒዮንስ ሊግ ፍጻሜ ፓሪስ ላይ፣ በረኛው ሌማን በ18ኛው ደቂቃ በቀይ ካርድ ወጥቶበት፣ በአሥር ሰው በሶል ካምቤል ጎል መርቶ፣ መጨረሻ ላይ በባርሴሎና 2 ለ 1 ተሸነፈ።

ቁጥሩ የማይናገረው የመጀመሪያው ነገር ሰውየው ምን እንደተረከበ ነው። በ1998 ሊጉ የተረጋገጠበትን፣ ሃይበሪ ላይ ኤቨርተን 4 ለ 0 የተሸነፈበትን ጨዋታ የመጨረሻ ጎል አስታውሱ። የመሃል ተከላካዩ ስቲቭ ቡልድ ኳሷን በኤቨርተን ተከላካዮች አናት ላይ አሻገራት፤ ሌላው የመሃል ተከላካይ፣ አምበሉ ቶኒ አዳምስ፣ አጥቂ ይመስል ሮጦ ደረሰባትና በደረቱ አብርዶ በግራ እግሩ መረብ ውስጥ ከተታት። ያቺ ጎል ቬንገር ይዞት የመጣው ነጻ እግር ኳስ ምልክት ሆና ቀርታለች። አቀባዩም አግቢውም ግን በቀድሞው አሰልጣኝ በጆርጅ ግራሃም ዘመን አንድ ለባዶ ማሸነፍ ልማዱ የነበረው የዚያ ግንብ ተከላካዮች ናቸው። ከጥቂት ቀናት በኋላ ዌምብሌይ ላይ ኒውካስል ዩናይትድን 2 ለ 0 አሸንፎ ኤፍኤ ካፕን የደረበውን ቡድን ሰልፍ ብናይ፣ ሲማን፣ ዲክሰን፣ ኪዎን፣ አዳምስ፣ ዊንተርበርንና ፓርለር ሁሉም ቬንገር ሲመጣ እዚያው የነበሩ ናቸው፤ ከ11ዱ ስድስቱ ማለት ነው። ጉዳት ባይዘው ኖሮ ይሰለፍ የነበረው ዴኒስ ቤርካምፕም ቢሆን በ1995 ከኢንተር ሚላን በ7.5 ሚሊዮን ፓውንድ የመጣው ከቬንገር በፊት በነበረው አሰልጣኝ በብሩስ ሪዮክ ጊዜ ነው።

ታዲያ የቬንገር ድርሻ ምንድን ነው? ሠላሳን የተሻገሩ ተከላካዮችን እንደ አዲስ ማጫወቱ። አዳምስ የመጠጥ ሱሰኛ መሆኑን በአደባባይ የተናገረው ልክ አሰልጣኙ በመጣበት ሰሞን፣ በመስከረም 1996 ነበር። የእንግሊዝ ተጫዋች ከልምምድ በኋላ ቢራ ቤት መግባቱን እንደ ወንድነት በሚቆጥርበት ጊዜ ቬንገር የተቀቀለ አትክልትና ዶሮ አቀረበ፣ ቸኮሌቱን ከአውቶቡሱ አወረደ፣ ከልምምድ በፊትና በኋላ ጡንቻ ማፍታቻን ግዴታ አደረገ። ሊ ዲክሰን እስከ 38 ዓመቱ፣ ዴቪድ ሲማን እስከ 39 ዓመቱ በአርሰናል ማልያ ተጫወቱ። ይህ በዋንጫ ቆጠራ ውስጥ ተለይቶ አይታይም፤ በዝውውር ሒሳብም በታዳጊ ዝርዝርም አይገኝም። ለእኔ ግን ከቬንገር ሥራዎች ሁሉ ዘላቂው ይህ ነው፤ ዛሬ በእንግሊዝ ሁሉም ክለብ የሚሠራበት ነውና።

ሁለተኛው ቁጥሩ የማይናገረው ነገር ገንዘብ ነው። የኢኮኖሚ ባለሙያው ስቴፋን ሲማንስኪ ከጋዜጠኛው ሳይመን ኩፐር ጋር ሆኖ እንዳሳየው፣ በረጅም ጊዜ ሲታይ የአንድን የእንግሊዝ ክለብ ደረጃ በይበልጥ የሚያስረዳው ለዝውውር ያወጣው ገንዘብ አይደለም፤ ለተጫዋቾቹ የሚከፍለው ደመወዝ ነው። አሰልጣኝ ሊመሰገን የሚገባው ደመወዙ ከሚፈቅድለት ደረጃ በላይ ሲወጣ ነው ማለት ነው። በዚህ ሚዛን ሲታይ የቬንገር ዘመን መልኩ ይለወጣል። በ2003 ሮማን አብራሞቪች ቼልሲን ገዛ። በ2006 አርሰናል 38,000 ሰው ከሚይዘው ሃይበሪ ወጥቶ 390 ሚሊዮን ፓውንድ ወደ ፈጀውና 60,000 ወደሚይዘው ኤሚሬትስ ገባ፤ ዕዳውም አብሮ ገባ። በ2008 ማንችስተር ሲቲ በአቡ ዳቢ ገንዘብ ተገዛ። ከ2005 እስከ 2014 አንድም ዋንጫ ያልታየበት ዘመን ከዚህ ጋር አብሮ ነው የሚነበበው። በዚያ ሁሉ ውስጥ አርሰናል ከ1998/99 ጀምሮ 19 የውድድር ዘመን በተከታታይ ሻምፒዮንስ ሊግ ላይ ተሳትፏል፤ የስታዲየሙን ዕዳ ከሚከፍሉት ገቢዎች አንዱም ይኸው ነበር።

ቬንገር አራተኛ ደረጃ ለእሱ እንደ ዋንጫ እንደሚቆጠር ሲናገር ብዙዎች ሳቁበት። እኔ አልስቅም። ያ ንግግር በ2008 እውነት ነበር፤ በ2016 ግን እውነትነቱ አልቆ ነበር። ክርክሩ መካሄድ ያለበትም በእነዚህ ሁለት ዓመታት መካከል ባለው ልዩነት ላይ ነው።

ዋንጫ ብቻ መቁጠር የት እንደሚያደርስ ለማየት ሆዜ ሞሪንሆን ማስታወስ ይበቃል። ሞሪንሆ በቼልሲ በ2005፣ በ2006 እና በ2015 ሊጉን አነሳ፤ እሱም ሦስት፣ ቬንገርም ሦስት። በየካቲት 2014 ቬንገርን የሽንፈት ስፔሻሊስት ሲል ጠራው። በቁጥር ከሄድን ሁለቱ እኩል ናቸው፤ ሞሪንሆ በአጭር ጊዜ ስላደረገው እንዲያውም ይበልጣል። ይሁን እንጂ ሞሪንሆ ሦስተኛውን ካነሳ ከሰባት ወር በኋላ ያው ክለብ ወደ ወራጅ ቀጣናው ተጠግቶ እሱ ተሰናበተ። ክላውዲዮ ራኒየሪ ደግሞ በ2016 ሌስተር ሲቲን ሻምፒዮን አድርጎ በየካቲት 2017 ከሥራ ተባረረ። ዋንጫ አንድ አሰልጣኝ በአንድ ዓመት ያደረገውን ይናገራል እንጂ ክለቡን ምን ላይ እንዳቆመው አይናገርም።

እኛ ሀገር ደግሞ መለኪያው ይበልጥ ይጠብባል። ሰውነት ቢሻው ዋልያዎቹን ከ31 ዓመት በኋላ በ2013 ወደ አፍሪካ ዋንጫ አስገባ፤ በዚያው ዓመት ለዓለም ዋንጫ አንድ የደርሶ መልስ ጨዋታ እስኪቀረው ደርሶ በናይጄሪያ ተሸነፈ። በ2014 መጀመሪያ ግን በቻን ውድድር ሦስቱንም ጨዋታ ጎል ሳያስቆጥር ተሸንፎ ተመለሰና በየካቲት ተሰናበተ። የብሔራዊ ቡድን አሰልጣኝ ተጫዋች አይገዛም፤ ከሥሩ የታዳጊ መዋቅር ካልተዘረጋለት ልጅ አያሳድግም። ሦስቱ ሚዛኖች ወደ አንድ ሲወርዱ የሚቀረው የመጨረሻው ጨዋታ ውጤት ብቻ ነው፤ እሱም የሠራውን ሁሉ ይሸፍናል። ይህ ሁልጊዜ ያሳዝነኛል።

ወደ ዝውውሩ ስመጣ ክርክሩ ይሞቃል። የቬንገር ዓይን ከአርሰናል በፊት ይጀምራል። በ1988 ሞናኮ ሳለ ከካሜሩኑ ቶኔር ያውንዴ አንድ ላይቤሪያዊ ወጣት አስፈረመ፤ ጆርጅ ዊሃን። ዊሃ በ1995 ባሎንዶርን አሸነፈ፤ በ2018 ደግሞ የሀገሩ ፕሬዚዳንት ሆኖ ለቀድሞ አሰልጣኙ የላይቤሪያን ከፍተኛ ኒሻን አጠለቀለት። አርሰናል ላይ መጀመሪያ ከመጡት አንዱ ኤሲ ሚላን ተቀያሪ ወንበር ላይ ያስቀመጠው ፓትሪክ ቪየራ ነበር፤ ዋጋው 3.5 ሚሊዮን ፓውንድ። ኒኮላ አኔልካ ከፓሪስ በ500,000 ፓውንድ መጥቶ በ1999 ወደ ሪያል ማድሪድ ከ22 ሚሊዮን በላይ ተሸጠ። የዚያ ገንዘብ ከፊሉ ዛሬም ክለቡ የሚለማመድበትን የለንደን ኮልኒ ማዕከል አስገነባ፤ በዚያው በጋ ጁቬንቱስ በክንፍ መስመር ያባከነው ቲየሪ ሄንሪ በ11 ሚሊዮን አካባቢ መጥቶ 228 ጎል አስቆጠረ፣ የክለቡ የምንጊዜም ከፍተኛ አግቢም ሆነ። አንድ ልጅ ተሸጦ ሜዳም አጥቂም ሲገኝበት በእግር ኳስ ታሪክ ብዙ አልታየም።

ከሁሉ የምወደው ግን የኮሎ ቱሬን ታሪክ ነው። ሬይ ፓርለር በየመድረኩ እንደሚያወራው፣ አይቮሪኮስታዊው ወጣት ለሙከራ መጥቶ ልምምድ ላይ መጀመሪያ ሄንሪን ከኋላ ተንሸራቶ ጣለው። ተቆጡት። ቀጥሎ ቤርካምፕን ጣለው። አሁንም ተቆጡት። ከዚያ ኳሷ ወደ ቬንገር ስትንከባለል እሱንም በሁለት እግሩ ገባበት። አሰልጣኙ እያነከሰ ወጣ። ልጁ ሊያለቅስ ደርሶ ነበር፤ ዕድሉ እዚያው ያለቀ መስሎታል። ፓርለር ሕክምና ክፍል ሲገባ ቬንገር ቁርጭምጭሚቱ ላይ በረዶ አድርጎ ተቀምጦ፣ ልጁ ሆን ብሎ አላደረገውም፣ ነገ እናስፈርመው፣ ፍላጎቱን ወድጄዋለሁ አለ። ዋጋው 150,000 ፓውንድ ገደማ ነበር። መጀመሪያ በየቦታው እየተዘዋወረ ይጫወት የነበረውን ልጅ ቬንገር ወደ መሃል ተከላካይነት ቀየረው፤ በ2003/04 ያልተሸነፈው ቡድን ውስጥ የካምቤል ጓደኛ ሆነ። ካምቤል ራሱ በ2001 ከቶተንሃም በነጻ የመጣ ነው። ያ ታላቅ ቡድን በዋጋ ሲሰላ የአንድ ዘመናዊ ተከላካይ ዋጋ አይሞላም። ካኑ፣ ሎረን፣ ቱሬ፣ ኋላም ኢቡዌና አዴባዮር በዚያ ማልያ መታየታቸው አርሰናልን በአህጉራችን ምን ያህል ቤተኛ እንዳደረገው የኛ ሀገር ደጋፊ ራሱ ምስክር ነው።

ነገር ግን ዝውውርን በአሰልጣኝ ስም መጻፍ ራሱ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ሴስክ ፋብሪጋስን ባርሴሎና ውስጥ ያየው መልማዩ ፍራንሲስ ካጊጋዎ ነው። ከክለቦች ጋር ዋጋ የሚደራደረው ዴቪድ ዲን ነበር፤ በሚያዝያ 2007 ዲን ከክለቡ ሲወጣ ቬንገር ግማሽ እጁን እንዳጣ በቀጣዮቹ መስኮቶች ታየ። ሌላም አለ፤ ቬንገር በ1996 የነበረው ትልቁ ሀብት እውቀት ነው። የፈረንሳይን ሊግና የአፍሪካን ተጫዋቾች እሱ ያውቃል፣ የእንግሊዝ አሰልጣኞች አያውቁም። ከአሥር ዓመት በኋላ ሁሉም ክለብ በየሀገሩ መልማይ አሰማራ፣ የእያንዳንዱ ልጅ ቪዲዮ በኮምፒውተር ላይ ተገኘ። ዓይኑ አልደከመም፤ ያለ ተፎካካሪ የሚያይበት ዘመን ነው ያለፈው።

ጥፋቱስ? በ2001 ፍራንሲስ ጄፈርስን ከስምንት ሚሊዮን ፓውንድ በላይ ከፍሎ አመጣ፤ አልሆነም። በ2016 ሽኮድራን ሙስታፊን በ35 ሚሊዮን አካባቢ አመጣ፤ እሱም አልሆነም። እንዲህ ያለ ስህተት ከማንም አይጠፋም፤ በእሱ የቬንገርን ሒሳብ አላከብድም። የማከብደው ባልገዛቸው ነው። ቪየራ በ2005 ወጣ፤ ጊልቤርቶ ሲልቫና ማቲዩ ፍላሚኒ በ2008 ወጡ፤ ከዚያ በኋላ ለዓመታት ከተከላካዮቹ ፊት የሚቆም ብርቱ አማካይ እያንዳንዱ ደጋፊ ሲጮህለት አልመጣም። በነሐሴ 2011 ፋብሪጋስና ናስሪ ከሄዱ በኋላ ቡድኑ ኦልድ ትራፎርድ ላይ 8 ለ 2 ተሸነፈ፤ ከዚያ በጥቂት ቀናት ውስጥ ሜርትሳከር፣ ሳንቶስ፣ ፓርክ፣ አርቴታና በውሰት ቤናዩን ተጠራርተው መጡ። በበጋው መጀመሪያ መታወቅ የነበረበት ነገር በሽንፈት ተነገረው።

መሸጡም የዝውውር ግማሽ ነው። በ2012 የበጋ ወቅት ሮቢን ቫን ፐርሲ ወደ ማንችስተር ዩናይትድ ተሸጠ፤ 26 የሊግ ጎል አስቆጥሮ ፈርጉሰንን የመጨረሻ ዋንጫቸውን አስነሳቸው። በሚያዝያ 2013 ዩናይትድ ሻምፒዮንነቱን አረጋግጦ ኤሚሬትስ ሲመጣ የአርሰናል ተጫዋቾች ግራና ቀኝ ተሰልፈው ማጨብጨብ ነበረባቸው፤ የትናንት አምበላቸው በመካከላቸው አለፈ፣ ከዚያም በፍጹም ቅጣት ምት አገባባቸው። ያን ቀን ያየ የአርሰናል ደጋፊ፣ ዕዳውም ቢሆን በጀቱም ቢሆን፣ ልብን የሚያረካ መልስ አላገኘበትም።

አሁን ወደ ታዳጊው። እዚህ ላይ ሰዎች የሚያምታቱት አንድ ነገር አለ፤ ልጅን ማሳደግና ልጅን መግዛት የተለያዩ ናቸው። ያልተሸነፈውን ቡድን የዘወትር ተሰላፊዎች ብንቆጥር ከአርሰናል አካዳሚ የወጣው አሽሊ ኮል ብቻ ነው። የክለቡ ወጣት ቡድን በ2000 እና በ2001 የወጣቶች ኤፍኤ ካፕን በተከታታይ አንስቶ ነበር፤ ከእነዚያ ልጆች በዋናው ቡድን ቦታ ይዞ የቆየ የለም ማለት ይቻላል፤ ስቲቭ ሲድዌልን የመሳሰሉት እንጀራቸውን ሌላ ክለብ ሄደው ጋገሩ። በየካቲት 2005 ከክሪስታል ፓላስ ጋር በተደረገው ጨዋታ በአርሰናል የ16 ሰው ዝርዝር ውስጥ አንድም እንግሊዛዊ አልነበረም። ውጤቱ ከፍ ባለበት ዘመን የአካዳሚው በር ጠባብ ነበር፤ ሁለቱ ሚዛኖች በአንድ ጊዜ አልሞሉም።

የታዳጊው ዘመን የመጣው ገንዘቡ ሲጠፋ ነው። ቬንገር ከ2005 በኋላ ያሰበው ልጆችን በአንድ ላይ አሳድጎ፣ እርስ በርስ ዓይን ለዓይን ሲተያዩ የሚግባቡ አድርጎ፣ ገንዘብ ያለውን ሁሉ በአንድነት ማሸነፍ ነበር። ይህ ሐሳብ ከንቱ አልነበረም። በ2007/08 ፋብሪጋስ፣ ፍላሚኒ፣ ህሌብ፣ ክሊሺና አዴባዮር ያሉበት ቡድን እስከ የካቲት ሊጉን በአምስት ነጥብ ይመራ ነበር። በርሚንግሃም ላይ የኤድዋርዶ እግር ተሰበረ፤ በመጨረሻው ደቂቃ ክሊሺ ፍጹም ቅጣት ምት አሰጠና ጨዋታው 2 ለ 2 አለቀ፤ አምበሉ ጋላስ ሜዳው ላይ ተቀመጠ። ዓመቱን በ83 ነጥብ፣ ከሻምፒዮኑ በአራት ነጥብ ብቻ አንሰው ሦስተኛ ሆኑ። ከዚያ ቡድኑ እየተሸረፈ ሄደ፤ ፍላሚኒ በነጻ ሚላን ገባ፤ አዴባዮርና ቱሬ በ2009፣ ክሊሺና ናስሪ በ2011 ማንችስተር ሲቲ ወሰዳቸው። አብረው እንዲያድጉ የታሰቡት ልጆች አብረው ሃያ አምስት ዓመት አልሞላቸውም።

በእርግጥ የተገነባው ልጅ ማን ነው የሚለውም ጥያቄ አለ። ከ2010 ጀምሮ በሥራ ላይ በዋለው የፕሪሚየር ሊጉ ደንብ 21 ዓመት ሳይሞላው ሦስት ዓመት በእንግሊዝ ወይም በዌልስ ክለብ የተመዘገበ ሁሉ የሀገር ልጅ ይባላል፤ ፋብሪጋስም በ16 ዓመቱ ስለመጣ ከዚያ ይገባል። ባርሴሎና ደግሞ ልጁ የእኛ ነው ይላል። ሁለቱም ልክ ናቸው፤ ግን በ17 ዓመቱ ቪየራ በሚጫወትበት ቦታ ደፍሮ ያሰለፈው ቬንገር ነው፤ ለእኔ ማሳደግ ማለት ይህ ነው። ጃክ ዊልሼር ደግሞ ከዘጠኝ ዓመቱ ጀምሮ የክለቡ ነበር፤ በ2008 በ16 ዓመቱ ገባ፤ በየካቲት 2011 በ19 ዓመቱ የባርሴሎናን አማካዮች ፊት ለፊት ገጥሞ አርሰናል 2 ለ 1 አሸነፈ። ቀጣዩን የውድድር ዘመን ሙሉውን በጉዳት ሳይጫወት አሳለፈ። በዚያ ዕድሜ ያን ያህል ማጫወቱ አብዝቶበት ይሆን? ብዙዎች እንዲያ ይላሉ፤ ክሱም በቀላሉ የሚጣል አይደለም።

ያመለጡትም አሉ። ሰርጅ ግናብሪ በዌስት ብሮም የውሰት ዓመቱ በሊጉ አንዴ ብቻ ተጫውቶ ተመለሰ፣ በ2016 ወደ ቬርደር ብሬመን ሄደ፣ በ2020 ከባየርን ጋር ሻምፒዮንስ ሊግን አነሳ። ኤሚሊያኖ ማርቲኔዝ በ2010 ለጋ ልጅ ሆኖ መጥቶ ከክለብ ክለብ በውሰት ሲንከራተት ኖረ፤ በ2022 የዓለም ዋንጫ ያነሳው ይኸው በረኛ ነው። በሌላ በኩል ቡካዮ ሳካ ከሰባት ዓመቱ ጀምሮ በሄል ኤንድ አካዳሚ ያደገው በቬንገር ዘመን ሲሆን፣ ለዋናው ቡድን መጀመሪያ የገባው በኅዳር 2018፣ ቬንገር ከሄደ ከወራት በኋላ ነው። የታዳጊ ሒሳብ አሰልጣኙ በሚሰናበትበት ቀን አይዘጋም። ውጤትን በየሳምንቱ፣ ዝውውርን በየሁለት ሦስት ዓመቱ ማየት ይቻላል፤ ታዳጊን ለመመዘን ግን አሥር ዓመት መታገሥ ያስፈልጋል፣ ያን ያህል የሚታገሥ ደጋፊም ባለቤትም የለም።

ለቬንገር እስካሁን ያልኩት ሁሉ በአመዛኙ ድጋፍ ነው። አሁን ከባዱን ልበል። በ2013 ኦዚል በ42.5 ሚሊዮን ፓውንድ፣ በ2014 አሌክሲስ ሳንቼዝ ሲመጡ ክለቡ መግዛት የሚችልበት አቅም መመለሱ ታወቀ። ሁለት ኤፍኤ ካፖችም መጡ። በ2015 በጋ ግን ቬንገር ለዋናው ቡድን ያመጣው በረኛውን ፒተር ቼክን ብቻ ነው፤ ሜዳ ላይ የሚሮጥ አንድም ሰው አልጨመረም። ያ ዓመት ቼልሲ የተፍረከረከበት፣ ሁለቱም ማንችስተሮች የተደነቃቀፉበት ነበር። በኅዳር ኮክሌንና ሳንቲ ካዞርላ ተጎዱ፤ አማካዩ ክፍል ተናጋ። አርሰናል ሌስተርን በሜዳው 5 ለ 2፣ በኤሚሬትስም በዌልቤክ የጭማሪ ደቂቃ ጎል 2 ለ 1 አሸነፈው። ከዚያ ድል በኋላ በሁለት ሳምንት ተኩል ውስጥ በማንችስተር ዩናይትድ 3 ለ 2፣ በገዛ ሜዳው በስዋንሲ 2 ለ 1 ተሸነፈ። ሌስተር በ81 ነጥብ ሻምፒዮን ሆነ፤ ሁለቴ ያሸነፈው አርሰናል በ71 ነጥብ ሁለተኛ። ይህን ዋንጫ አብራሞቪች አልወሰደበትም፣ አቡ ዳቢም አልወሰደበትም፣ የስታዲየሙ ዕዳም አልወሰደበትም። ከ22 ዓመቱ ውስጥ ይቅር ለማለት የሚያስቸግረኝ ይህ አንዱ ነው።

ከዚያ በኋላ መውረዱ ፈጠነ። በ2017 በባየርን በደርሶ መልስ 10 ለ 2፤ በሊጉ በእሱ ጊዜ ለመጀመሪያ ጊዜ ከአራቱ ውጭ፣ አምስተኛ፤ በቀጣዩ ስድስተኛ። ፈርጉሰን በ2013 ሻምፒዮን ሆነው መሄዳቸው ከቬንገር አወጣጥ ጋር ሲነጻጸር ያማረ ነው፤ ነገር ግን የተዉት ቡድን ሪዮ ፈርዲናንድ 34፣ ራያን ጊግስ 39 ዓመት የሞላቸውና የአሸናፊነት ጉልበቱ ያለቀ ነበር፤ ተተኪያቸው ዴቪድ ሞይስ ሰባተኛ ደረጃ ላይ ሆኖ በሚያዝያ 2014 ተባረረ። የፈርጉሰን 13 የሊግ ዋንጫ ይህን አይሽረውም፤ ይህም 13ቱን አይሽርም። ቬንገር በበኩሉ ለኡናይ ኤምሪ ያስረከበው ሳምንታዊ ክፍያው 350,000 ፓውንድ እንደሆነ የተዘገበለትን የኦዚልን አዲስ ኮንትራት፣ በዓመቱ በነጻ የሄደውን አሮን ራምሲን፣ ሊሸጥ ሲገባ ቆይቶ በሚኪታሪያን የተለወጠውን የሳንቼዝን ክፍተት ነው።

ሌላም አስረከበ። በነሐሴ 2020፣ በወረርሽኙ ምክንያት ደጋፊ በሌለበት ዌምብሌይ፣ አርሰናል በሚኬል አርቴታ አሰልጣኝነት ቼልሲን 2 ለ 1 አሸንፎ ኤፍኤ ካፕን ለ14ኛ ጊዜ አነሳ፤ ሁለቱንም ጎል ያገባው ኦባሜያንግ ነው። የዚያን ቀን ሰልፍ ተመልከቱ፤ ማርቲኔዝ፣ ሆልዲንግ፣ ቤሌሪን፣ ዣካ፣ ሜይትላንድ-ናይልስ፣ ላካዜትና ኦባሜያንግ ወደ ክለቡ የመጡት ወይም ያደጉት በቬንገር ጊዜ ነው። ከ11ዱ ሰባት። አርቴታ ራሱ በዚያ በተጣደፈው ነሐሴ 2011 የተገዛና ኋላም የቬንገር አምበል የነበረ ነው። ኦባሜያንግን በማምጣቱ በኩል በ2017 መጨረሻ የተቀጠረው የምልመላ ኃላፊ ስቬን ሚስሊንታት ድርሻ ስላለው ሙሉውን ለቬንገር አልሰጥም። የ1998ቱን ዋንጫ ግን ከግራሃምና ከሪዮክ በተወረሱ ሰዎች ተነስቶ በቬንገር ስም ከመዘገብነው፣ የ2020ውም ቢያንስ ግማሹ በእሱ ሒሳብ ላይ መጻፍ አለበት። የኦዚልን ኮንትራትም፣ የሌስተርን ዓመትም ከዚያው ገጽ አልፍቅም።